ፊቱን የተከናነበው አባይ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበራችን ጸሐፊ «ሮም ሄዳችሁ ምን አያችሁ? ለጓደኞቻችሁ ብታካፍሉን መልካም ነው» ብሎ በጠየቀን ጊዜ ደስ ብሎን እሺ አልን። በኋላ ግን ምን እንደምንናገር ስናስብ ተጨነቅን። ከተማውን ለማመስገን ከሆነ መጻሕፍቱና ሥዕሎቹ ከእኛ ይልቅ አብልጠው ያመሰግኑታል። በመጨረሻ የአንዱን ቀን ነገር ብቻ ለመናገር ተስማማን። በዚያ ቀን ብዙ ነገር አይተናል፤ አንድ ውሸትም ዋሽተናል። ንግግራችን ስለ ሁለቱም ነው። የምንጠራው ዘመን ዓ.ም. ካላልን በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ሁለታችንም የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን፤ ወደዚያ የሄድነው ለአጭር ትምህርት ነው። ሦስተኛው ባልንጀራችን የዳንግላ ልጅ ሲሆን ሮም ውስጥ ሲማር አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ቋንቋውንም መንገዱንም ስለሚያውቅ መሪያችንም አስተርጓሚያችንም እርሱ ነበር። ለመዞር የወጣነው ጥር 23 ቀን ነው። በእኛ አገር ጥር በጋ ነው፤ ገብሱ ታጭዶ፣ እህሉ ተወቅቶ ሰው ሰርግ የሚደግስበት ወር ነው። በእነርሱ ዘንድ ግን ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ፣ ፀሐይ ከቀትር በኋላ ብዙም ሳትቆይ የምትጠልቅበት የብርድ ወራት ነው። ትራሞንታና የሚሉት የሰሜን ነፋስ በየመንገዱ መታጠፊያ እየጠበቀ ፊትን ይገርፋል። ባልንጀራችን ኮትና የአንገት ልብስ ደራርቦ ሲንቀጠቀጥ አይተን ሳቅንበት። «የዳንግላ ሰው ምን ብርድ ያውቃል! ለእንጅባራ ልጅ ይህ የጠዋት ውርጭ ነው» አልነው። እርሱም «እስቲ ማታ እንነጋገራለን» አለን። ማታማ ከእርሱ ይልቅ የተንቀጠቀጥነው እኛ ነበርን። የአገራችን ብርድ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል፤ የእነርሱ ግን ቀኑን ሙሉ አብሮ ይውላል።

ከቤት ሳንወጣ ባልንጀራችን ስልኩን አንሥቶ ወደ አገር ቤት ደወለ። የቀኑን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በእንጅባራ የሚሰበሰቡበት፣ ፈረሱ በቀይና በቢጫ ጌጥ ተሸልሞ የሚጋልብበት በዓል ነው። አያቱም ዘመዶቹም እዚያው ነበሩ። በስልኩ ውስጥ የፈረስ ኮቴ፣ እልልታና ሽለላ ተደባልቆ ይሰማን ነበር። ባልንጀራችን በአውኚ ጥቂት ተነጋግሮ ስልኩን ዘጋና ብዙ ሳይናገር በሩን ከፈተልን። ይህን በዓል በዓይኑ ካየ አምስት ዓመት እንደ ሆነው የነገረን ደረጃውን ስንወርድ ነው።

መጀመሪያ የደረስነው ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። ስንቶቻችን ይህን ስም ሰምተን እነማን ናቸው ብለን ጠይቀናል? አምስት መቶዎቹ በጥር ወር 1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ጥቂት ራቅ ብሎ በአትክልት መካከል ለእነርሱ መታሰቢያ የተደረገ ሐውልት አለ። ሐውልቱ ራሱ የኢጣልያ አይደለም፤ የግብፁ ንጉሥ የዳግማዊ ራምሴስ የድንጋይ ዓምድ ሲሆን በ1883 ሮም ውስጥ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ነው። ከሥሩ የሞቱት ሰዎች ስም ተጽፏል።

በ1937 ደግሞ የኢጣልያ ፋሽስቶች ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት ነቅለው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በዚሁ ሥፍራ አቁመውት ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 አንበሳውን ባየ ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ከዚያም ሰይፉን መዘዘ እየተባለ የሚተረከው እዚህ ነው። ዘርዓይ አገሩን ሳያይ በ1945 በዚያው በኢጣልያ ምድር ሞተ። አንበሳው ግን በ1960ዎቹ ወደ አገሩ ተመልሷል።

እኛም ቆመን የወታደሮቹን ስም እያነበብን ሳለን ከመካከላችን አንዱ እንዲህ አለ፦ «እነዚህ ድል ተነሥተው ሳለ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም በድንጋይ ጽፈዋል። የእኛ አያቶች ፈረሳቸውን ጭነው ዐድዋ ዘመቱ፤ ድልም አደረጉ። ከአገው ምድር ሄደው ያልተመለሱትን ስማቸውን የጻፈ ማን ነው?» ሌላው መልሶ «የፈረሰኞቹ ማኅበር አለ አይደለም?» አለ። እውነት ነው፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ የዐድዋን ፈረሰኞች መታሰቢያ ያከብራል። መታሰቢያውን የያዘው ግን የፈረሱ ኮቴና የሽማግሌዎቹ አፍ ነው። ሽማግሌ ያልፋል፤ ኮቴም ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል። ይህን ተነጋግረን መንገዳችንን ቀጠልን።

ከዚያ ካምፒዶልዮ ወደሚባለው ኮረብታ ወጣን። በአደባባዩ መካከል የንጉሠ ነገሥቱ የማርቆስ አውሬልዮስ የነሐስ ሐውልት በፈረስ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ዋናው በቤተ መዘክር ተጠብቆ ስለ ተቀመጠ ውጭ የቆመው ቅጂው ነው። ሌላው ጎብኚ የንጉሡን ፊትና የእጁን አዘረጋግ ያደንቃል። እኛ ግን የአገው ልጆች ነንና ዓይናችን በቀጥታ ወደ ፈረሱ ሄደ። ልጓሙን አየን፤ አንገቱን አየን፤ የተነሣውን እግሩን አየን። ቀጥሎ ሁላችንም በአንድ ጊዜ «እርካብ የለውም!» አልን። የንጉሡ እግሮች በፈረሱ ጎንና ጎን እንዲሁ ተንጠልጥለዋል። ባልንጀራችን እንደ ገለጸልን በዚያ ዘመን ሮማውያን እርካብን አያውቁም ነበር፤ ወደ አውሮፓ የገባው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ያን ያህል አገር የገዛ ንጉሥ እርካብ ሳይረግጥ መጋለቡን ለአጎቶቻችን ብንነግራቸው የሚያምኑን አይመስለንም።

ይህ ኮረብታ ለኢትዮጵያዊ ሌላ ትርጉምም አለው። በ1960 የሮም ኦሊምፒክ የማራቶን ሯጮች የተነሡት ከዚህ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በዚያን ጊዜ ገና ብዙ ሰው የማያውቀው የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። እኛም የእርሱን ፍጻሜ ለማየት ከኮረብታው ወርደን ወደ ቅስቱ አመራን።

በመንገዱ ዳር በአሮጌው ግንብ ላይ በእብነ በረድ የተሠሩ አራት ትልልቅ ካርታዎች አሉ። በ1934 በሙሶሊኒ ዘመን የተሰቀሉ ሲሆኑ የጥንቱ የሮም መንግሥት እንዴት እየሰፋ እንደ ሄደ ያሳያሉ። ባልንጀራችን ወደ ግንቡ እያመለከተ «አምስተኛም ነበረ፤ እኛም በውስጡ ነበርንበት» አለን። ኢትዮጵያ ከተወረረች በኋላ የአዲሱ ግዛት ካርታ ተጨምሮ ነበርና ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አምስተኛውን አነሡት፤ አራቱ እስከ ዛሬ ይታያሉ።

የቆስጠንጢኖስን ቅስት አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ፖርታ ካፔና ከሚባለው አደባባይ ደረስን። እዚህ ያየነው ነገር ከሁሉ ይልቅ እንግዳ ነው፤ ምክንያቱም ልናየው የሄድነው የሌለ ነገር ነው። የአክሱም ሐውልት በ1937 ከአገሩ ተወስዶ የቆመው እዚህ ነበር፤ ፊት ለፊቱም የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን የታሰበው ትልቅ ሕንፃ አለ። ያ ሕንፃ ከ1951 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት መሥሪያ ቤት ሆኗል። ኢጣልያ በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል የወሰደችውን ሁሉ በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ልትመልስ ግዴታ ገብታ ነበር። ነገር ግን ሐውልቱ የተፈታው በ2003፣ ሦስቱ ክፍሎቹ በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት ጉዞ አክሱም የደረሱት በ2005፣ ተመልሶ የቆመውም በ2008 ነው። አበበ በሮጠበት ማታ ሐውልቱ ገና እዚህ ቆሞ ነበርና በአጠገቡ አልፏል። አሁን በሥፍራው በመስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ የቆሙ ሁለት አሮጌ ዓምዶች አሉ። እኛም በነፋሱ ውስጥ ቆመን ባዶውን ሥፍራ ብዙ ጊዜ ተመለከትን። የሚያልፉት ሰዎች ምን እንደምናይ ሳይገርማቸው አልቀረም። ለእኛ ግን ደስ የሚያሰኝ ባዶ ነበር።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ ካፊያም ጀመረ። በአውቶቡስ ተሳፍረን ፒያሳ ናቮና ወደሚባለው አደባባይ ሄድን። ባልንጀራችን ጠዋት ጀምሮ «እዚያ አንድ የአገራችንን ሰው አሳያችኋለሁ» ሲለን ስለ ዋለ እኛ ሥራ ፍለጋ የመጣ ኢትዮጵያዊ መስሎን ነበር። አደባባዩ መካከል ስንደርስ ግን ያሳየን ከድንጋይ የተቀረጸ ሰው ነው።

በአደባባዩ መካከል ያለው ፏፏቴ የአራቱ ወንዞች ምንጭ ይባላል። ቤርኒኒ የሚባለው ዝነኛ ቀራጺ ከ1648 እስከ 1651 የሠራው ነው። በአራቱ ማዕዘን አራት ግዙፍ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እነርሱም የአራቱ ክፍላተ ዓለም ወንዞች ምሳሌ ናቸው። ዳኑብ ለአውሮፓ፣ ጋንጅስ ለእስያ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታ ለአሜሪካ፣ አባይ ደግሞ ለአፍሪካ ቆመዋል። ሦስቱ ፊታቸው ይታያል። አባይ ግን ራሱን በጨርቅ ተከናንቧል፤ ፊቱ አይታይም። የከተማው ሰዎች ይህን ሲያስረዱ ቤርኒኒ በፊት ለፊቱ ያለውን ቤተ ክርስቲያን የሠራውን ባላንጣውን ሲነቅፍ ነው፤ አባይ ያን አስቀያሚ ሥራ አላይም ብሎ ፊቱን ሸፈነ ይላሉ። ይህ ቀልድ እንጂ እውነት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኑ መሠራት የጀመረው ፏፏቴው ካለቀ በኋላ ነውና። ዋናው ምክንያት በዚያ ዘመን አውሮፓ የአባይን መነሻ ስላላወቀች ነው። መነሻው ያልታወቀ ወንዝ ፊት የለውም ሲሉ ሸፈኑት።

ባልንጀራችን ይህን ሲነግረን በትዕቢት ተሞላን። ያልታወቀው ለእናንተ ነው እንጂ ለእኛ ምን ተሰውሮ ያውቃል አልን። አባይ የሚመነጨው በሰከላ ከግሽ ተራራ ሥር አይደለምን? ለእኛ አገር ጎረቤት አይደለምን? የአገው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በመነሻው ዙሪያ ይኖር የለምን?

ከፏፏቴው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ካስታኛ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ በከሰል እየጠበሰ ይሸጥ ነበር። የከሰሉ ሽታ የፋግታን መንገድ አስታወሰንና ሁላችንም ወደ እሳቱ ተጠጋን። ሽማግሌው ፍሬውን በወረቀት ጠቅልሎ እየሰጠን ከየት እንደ መጣን ጠየቀ። ባልንጀራችን እጁን ወደ ተከናነበው ሰው ዘርግቶ «ከዚህ ሰውዬ አገር ነን፤ የሚመነጨውም በእኛ ሠፈር ነው» አለው። ሽማግሌው በጣም ደስ አለው። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ጨበጠን። ቀጥሎም «እንግዲህ ንገሩኝ፤ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ አደባባይ ስሸጥ ፊቱን አይቼ አላውቅም። መነሻው ምን ይመስላል?» አለ።

ባልንጀራችን ተርጕሞልን ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከሦስታችን አንዳችንም ግሽን በዓይናችን አላየንም። ከእንጅባራ ተነሥቶ ሮም ለመድረስ ፓስፖርት አውጥተናል፤ ቪዛ ጠይቀናል፤ ሌሊቱን በአውሮፕላን አሳልፈናል። አባይ ወደሚመነጭበት ለመሄድ ግን ከእንጅባራ አንድ ጠዋት በማለዳ መነሣት ብቻ ይበቃ ነበር፤ እኛ ያን አንድ ጠዋት አላገኘንም። ሽማግሌው እየጠበቀ ነው። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ትልቅ ነው። ከዚህ አደባባይ ይበልጣል፤ ውኃው ከዓለት ላይ እየጮኸ ይወርዳል» አለ። ሽማግሌውም ራሱን እየነቀነቀ አደነቀ። ፍሬውንም ጨመረልን። ያ ፍሬ ግን ከጉሮሯችን አልወርድ አለ።

ከዚያ ቴቬሬ የሚባለውን ወንዝ ተሻግረን ወደ ቫቲካን ሄድን። በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። ያለ ፈቃድ የሚገባበት ስላልሆነ ያየነው ከሩቅ ግንቡን ብቻ ነው፤ ባልንጀራችን ግን ታሪኩን በጥላ ሥር ቆመን ተረከልን።

የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከግራኝ ጦርነት ሸሽቶ በዚህ ቤት ተቀመጠ። አገሩ ስትቃጠል እርሱ በሰው አገር ተቀምጦ ማልቀስ ብቻ አልበቃውም፤ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ። ከእርሱ መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በ1649 አባ ጎርጎርዮስ የሚባል የኢትዮጵያ ካህን በዚሁ ቤት ነበረ። ሉዶልፍ የሚባለው ወጣት የጀርመን ሊቅ ሊጠይቀው መጣና ከእርሱ ዘንድ ቋንቋውንና የአገሩን ነገር ተማረ። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ስለ አባይ ከአባ ጎርጎርዮስ የሰማውንም ጽፏል።

ዘመኑን ልብ በሉልን። አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ግንብ ውስጥ ተቀምጦ በነበረበት በ1649፣ ቤርኒኒ ከዚህ በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ሥፍራ ፏፏቴውን እያሠራ ነበር። አንደኛው የአባይን ነገር ያውቃል፤ ሌላው አላውቅም ብሎ ፊቱን ይሸፍናል። ያስተዋወቃቸው ሰው አልነበረም። ከዚህም በፊት በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የእስፓንያ ቄስ ከዐፄ ሱስንዮስ ሰዎች ጋር ሄዶ ምንጩን በዓይኑ አይቶ ጽፎ ነበር፤ መጽሐፉ ግን በዘመኑ ሳይታተም ቀረ።

ይህን ስንሰማ የቀትሩ ትዕቢታችን ወደ እፍረት ተለወጠ። አባ ጎርጎርዮስ የሚያውቀውን ለጠየቀው ሰው ተናገረ፤ እኛ የማናውቀውን ለጠየቀን ሰው ተናገርን። ባልንጀራችንም «የእኔ ደግሞ ይብሳል» አለ። በዳንግላ ከተማ በልጅነቱ እየተጫወተ አድጓል። በዚህች ከተማ ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ጣናንና የአባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር እየዞረ ካርታ አንሥቶ መጽሐፍ ጽፏል። ከእርሱም በፊት የስኮትላንዱ ጀምስ ብሩስ በ1770 ብዙ መከራ ተቀብሎ ግሽ ደርሷል። «ከባሕር ማዶ የመጡት ደርሰው አይተዋል፤ እኔ የዳንግላው ልጅ ግን ከመጽሐፋቸው አነበብሁ እንጂ አላየሁም» አለ።

ማታ ቤት ገብተን ከማሞቂያው አጠገብ እንደ ተቀመጥን ባልንጀራችን እንደ ገና ወደ አያቱ ደወለ። በአገራችን ሰዓት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ እርሳቸውም ከበዓሉ ተመልሰው ከዘመድ ቤት አርፈዋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ እኛም እንድንሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እማማ፣ ግሽ አባይ ሄደው ያውቃሉ?» አላቸው።

«እንዴታ! አባትህን ነፍሰ ጡር ሆኜ በእግሬ ሄጄ ጠበል ጠጥቻለሁ። ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?»

«የለም እማማ፣ ደኅና ነኝ። ምንጩ ምን ይመስላል?»

አያቱ ሳቁ። «ምን ይመስላል ትለኛለህ? ውኃ ይመስላል እንጂ! ትንሽ ናት ልጄ። በሣር መካከል ያለች፣ እንደ ጉድጓድ ያለች ትንሽ ዓይን ናት። የእንጀራ ምጣድ አክንባሎ ቢደፉባት የምትከደን ናት። ደግሞ ሳይበላ ነው የሚቀረበው፤ በልተህ አትጠጋም። እኔ ስደርስ ይህችው ናት ወይ አባይ ብዬ አለቀስሁ።»

«ለምን አለቀሱ?»

«ታድያ ያን ሁሉ አገር የምታጠጣው እርሷ ናታ! ትንሽ ሆና አይቻት አንጀቴን በላችው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለብዙ ጊዜ ማንም አልተናገረም። «ከዚህ አደባባይ ይበልጣል፤ እየጮኸ ይወርዳል» ያልነው አባይ በአክንባሎ የሚከደን ሆኖ ተገኘ። እኛ ያከበርነው መስሎን በውሸት አገዘፍነው። እኒያ ፊደል ያልቆጠሩት እናት ግን እንደ ሆነው እንደ ትንሽነቱ አይተው እንባቸውን አፍስሰውለታል። ቤርኒኒ ባላወቀው ፊት ላይ ጨርቅ ጣለ፤ አላውቅም ማለቱ ነውና ሐቀኛ ሰው ነው። እኛ ግን ባላወቅነው ፊት ላይ የሐሰት ፊት ሠራንበት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ለእናንተ ፍርድ እንተዋለን።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርታችን ሳይጀመር ወደ አደባባዩ ተመለስን። ሽማግሌው ከሰሉን ገና እያቀጣጠለ ነበር። ባልንጀራችን «ትናንት የነገርንህ ትክክል አይደለም፤ እኛ ሄደን አላየነውም። ያዩት አያቴ ናቸው። ትንሽ ናት፤ በሣር ውስጥ ያለች፣ በክዳን የምትከደን ምንጭ ናት» ብሎ ነገረው። እኛ እንዲቆጣ ወይም እንዲስቅብን ጠብቀን ነበር። ሽማግሌው ግን ወደ ተከናነበው ሰው ዞሮ ጥቂት ተመለከተና «እንግዲያው ፊቱን የሸፈነው አፍሮ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህን የሚያህል አካል ሠርተውለት» አለ። ከዚያም ለአያቱ ሰላምታ እንድናደርስ ለመነን። አደራውን ተቀብለን ሄድን።

ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን ታሪክ የተናገርነው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ውጭ አገር ሄዶ ማየት መልካም ነው፤ ዕድሉን ለምታገኙ ሁሉ ሂዱ እንላለን። ባንሄድ ኖሮ የአምስት መቶዎቹን አደባባይ፣ የአክሱምን ሐውልት ባዶ ሥፍራና እርካብ የሌለውን ንጉሥ አናይም ነበር። ነገር ግን መንገደኛ በሄደበት ሁሉ ስለ ቤቱ ይጠየቃል፤ ቤቱን ሳያውቅ የወጣ ሰው ሲጠየቅ ወይ ያፍራል ወይ ይዋሻል። እኛ ሁለቱም ደርሶብናል። እናንተ እንዳይደርስባችሁ ሦስት ነገር ለማኅበራችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ መንገዱ በተመቸና ሰላም በሆነ ጊዜ ማኅበሩ ወደ ግሽ አባይ ጉዞ ያዘጋጅ። የአገሩን ሥርዓት ጠብቀን፣ ሳንበላ፣ እንደ አያቶቻችን በእግራችን እንቅረብ። ዘንገናንም በመኪና መስኮት እያየን የምናልፈው ሐይቅ መሆኑ ይብቃ፤ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ እንዴት በውኃ እንደ ተሞላ የምድር ጥናት መምህራኖቻችን እዚያው ዳርቻው ላይ ቆመው ያስረዱን።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ ደብተርና እርሳስ ይዘን እንሂድ። በሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች መካከል የአባቱን፣ የአያቱን ዘመቻ የሚያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም። ዐድዋ የሄደውን ሰውና የፈረሱን ስም እንጻፍ። በአውኚ የተነገረንን በአውኚ፣ በአማርኛ የተነገረንን በአማርኛ እንጻፍ። ዶጋሊ የወደቁት ስማቸው በድንጋይ ተጽፎ ይነበባል፤ የእኛዎቹ ስም ቢያንስ በወረቀት ላይ ይነበብ። ይህ ጋዜጣችን ቢታጠፍና ቢቀደድም ከአፍ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ሦስተኛ፣ ያላየነውን ስንጠየቅ «አላየሁም» ማለትን እንልመድ። ይህን ማለት ለተማሪ ውርደት አይደለም፤ የትምህርት በር ነው። ባንዋሽ ኖሮ ሽማግሌው በዚያው ሰዓት «እንግዲያው ሄዳችሁ እዩና ንገሩኝ» ሊለን ይችል ነበር፤ ያ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ የቤት ሥራ ነበር።

በመጨረሻም የባልንጀራችንን መልእክት እናድርስ። ወደ አገራችን ስንመለስ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝቶን «ግሽ ስትሄዱ እኔን አትጠብቁኝ፤ ግን በላስቲክ ጠርሙስ ጠበሉን ቅዱልኝና ለእማማ ስጡልኝ፤ ያኖሩልኛል» አለን። ቃል ገብተናል። ጠርሙሱ እነሆ በእጃችን አለ፤ ገና ባዶ ነው። ከእኛ ጋር ሄዶ ሊሞላው የሚፈልግ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስሙን ለጸሐፊያችን ያስመዝግብ።